የጋሽ ምትኩ ጆሮ

ስልኬ የጮኸው ጅማ ውስጥ ፀጉር ቤት ተቀምጬ፣ ግማሽ ጢሜ ተላጭቶ ግማሹ አረፋ እንደለበሰ ነው። «የጋሽ ምትኩ ልጅ ነኝ፣ ከቦንጋ» አለች አንዲት ሴት። ቀጥላ ያለችውን አልሰማሁም። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ ይጮሃል፤ ከጎኔ የፀጉር ማሽን ይንጫጫል። «አልተሰማኝም፣ እባክሽ ድገሚልኝ» አልኳት። ጉሮሮዋን ጠረገችና «አባባ ትናንት ጠዋት ዐረፈ» አለችኝ።

ከሳምንት በፊት አነጋግረውኝ ነበር። ደህና ነበሩ። ስለ ጤናቸው ስጠይቃቸው መልሱን ትተው ስልኬን ሰድበው ነበር የዘጉት። «ይሄ ዕቃ ድምፅህን ግማሹን በልቶታል፤ ለውጠው» ብለውኝ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ «ምነው፣ ደህና?» አለኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም። የማስታውሰው መናኸሪያ መድረሴንና የቦንጋ መኪና ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ጉንጬን አይታ ፊቷን ማዞሯን ነው።

ጋሽ ምትኩ ማን እንደነበሩ ለመናገር፣ እኔ ያኔ ምን ዓይነት ደፋር መሃይም እንደነበርኩ አስቀድሜ መናገር አለብኝ።

ከደብረ ብርሃን ተነስቼ ቦንጋ የገባሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ደርግ ከወደቀ አሥር ዓመት አልሞላውም። የተቀጠርኩበት የውሃና የንጽህና ፕሮጀክት ዛሬ የለም፤ ስሙንም አልጠራውም። ሥራዬ የጤና ትምህርት ነበር። በዚያ ዓመት ዝናቡ ሲበረታ በየቀበሌው ተቅማጥና ትውከት ተነሳ። አለቃችን ጠራኝና «በመኪና ድምፅ ማጉያ በየገበያው የሚለቀቅ ካሴት አዘጋጅ፤ በአማርኛና በካፊኖኖ። ለቅዳሜ ይድረስ» አለኝ።

የአማርኛውን ጽፌ ራሴ አነበብኩ። የካፊኖኖውን ሲስተር ዘነበች ተርጉማ አነበበች። ሲስተር ዘነበች የዚያው የቦንጋ ተወላጅ፣ አብራኝ የምትሠራ ነርስ ናት። የቀዳነው በአለቃችን ቢሮ በነበረው ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ነው። ከጻፍኩት ሁሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር በጣም ወድጄ ነበር። «ውሃ ሳታፈሉ አትጠጡ!» የምትል። ስቀዳት አንድ ሰው በሩን ከፈተና መሃል ላይ አቋረጠኝ። ቴፑን ለአፍታ አቆምኩት፤ ሰውየው ሲወጣ ለቅቄው ቀጠልኩ። ከዚያ እሷኑ ከአንዱ ካሴት ወደ ሌላው እየገለበጥኩ አራት ጊዜ እንድትደጋገም አደረግኋት። ሰው ጭንቅላት ውስጥ እንድትቀር ብዬ ነው።

«ከመውጣቱ በፊት ጋሽ ምትኩ ቢሰሙት ምን ይመስልሃል?» አለችኝ ሲስተር ዘነበች። «ድምፅ ማለት የእሳቸው ሥራ ነው።»

በዓይን አውቃቸው ነበር። ከመናኸሪያው በላይ ባለች ጠባብ ሱቅ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናሉ። አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ሃያ ዓመት ድምፅ ሲቀዱ ኖረው፣ መንግሥት ሲለወጥ ከሥራ ተቀንሰው ወደ ትውልድ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ከተማው የሚያውቃቸው በአንድ ልማዳቸው ነው። ሲያወሩ መኪና ካለፈ ጣታቸውን ከፍ ያደርጉና «ይለፍ» ብለው ዝም ይላሉ። መኪናው አቀበቱን ጨርሶ እስኪጠፋ ቃሉ አፋቸው ላይ ይቆማል። በገበያ ቀን ሰላምታ ብቻ ከእሳቸው ጋር ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ሰው ይስቅባቸው ነበር። እኔም እስቅ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ቢሮ መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ካሴቱ የሲስተር ዘነበች ንባብ ላይ ቆሞ ስለነበር ከዚያ ጀመርኩላቸው። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ይሄ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው» አሉ። «ሲስተር የት አለች?»

«ከዝናቡ ኋላ ትሰማለች እኮ» አልኩ።

«ለማን?»

ቴፑን አጠፋሁት።

«ይሄ ካሴት እንዲህ ሆኖ አይወጣም። ሁለት ቀን ስጡኝ። ጸጥ ያለ ቦታ እፈልግላችኋለሁ። የአማርኛውንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ቁጭ ብዬ ልስማው።»

«ጋሽ ምትኩ፣ ቅዳሜ ገበያ ነው። ደግሞ እኛ ዘፈን አናወጣም። ይሰማል አይደል? ይበቃል።»

«መሰማቱን አንተ በምን ታውቃለህ? አንተ ነህ የጻፍከው። የተናገረ ሰው የራሱን ድምፅ ሲያዳምጥ አይሰማም፤ ያስታውሳል።»

ሲስተር ዘነበች ፊት እንደ ተማሪ መታረሜ አናደደኝ። «የተበላሸ ሬዲዮ ሲኖረን እንጠራዎታለን» አልኳቸው።

ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይግላል። ጋሽ ምትኩ ኮፍያቸውን አደረጉና ተነሱ። እኔ ወሬው ማለቁን ለማሳየት ካሴቱን ወደ ራሴ ንባብ አሳልፌ ከፈትኩት፤ ድምፄ ክፍሉን ሞላው። ጋሽ ምትኩ በሩ ላይ ሲደርሱ መቃኑን ይዘው ቆም አሉ። ጀርባቸውን ሰጥተውናል። የሚመለሱ መሰለኝ። ከዚያ ወጡ።

«ምን ነካህ?» አለችኝ ሲስተር ዘነበች።

ቅዳሜ አንዱ ካሴት ወደ ዋጫ፣ አንዱ ወደ ደካ፣ አንዱ ወደ ሺሺንዳ ሄደ። ቀኑን ሙሉ ገበያው ላይ ጮኸ። በሳምንቱ ሌሎቹ መኪናዎች እንደገና ሲወጡ፣ እኔ የሕዝቡን አስተያየት ልሰበስብ ቅጽ ይዤ ሺሺንዳ ወረድኩ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ገበያው ዳር ቆጮና ጎመን የምትሸጥ ሴት አየሁና መጀመሪያ እሷን ጠየቅኩ። እትዬ አስካለ ትባላለች፤ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ብትበልጥ ነው።

«እትዬ፣ የመኪናውን ካሴት ሰምተሻል?»

«እንዴት አልሰማ! ቀኑን ሙሉ ሲጮህ።»

«ምን ይላል ታዲያ?»

«ውሃ ሳታፈሉ ጠጡ ይላል።»

ሳቅሁ። «አትጠጡ ነው የሚለው፣ እትዬ።»

«ጠጡ ነው የሚለው» አለች ኮስተር ብላ። «እኔ በፊት አፈላ ነበር። አምና ሲስተር መጥታ አስተምራን። ዝናብ ነው፣ እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ጭሱ ዓይን ያጠፋል፤ ቢሆንም አፈላ ነበር። አሁን መንግሥት ሳታፈሉ ጠጡ ካለ ለምን እደክማለሁ ብዬ ተውኩ። ጎረቤቶቼም ተዉ። ተመስገን አልን።»

«አራት ጊዜ ነው የሚለው» አለ ከጎኗ ጨው የሚሸጥ ሰውዬ፣ እሷን ለመደገፍ።

ወደ መኪናው ሮጥኩ። ካሴቱን አስገብቼ ከፈትኩት። «ውሃ ሳታፈሉ አትጠጡ» ሲል ሰማሁ። በደንብ ሰማሁ። እፎይ ብዬ ሾፌሩን «ይኸው፣ አትጠጡ ነው የሚለው አይደል?» አልኩት። ሾፌሩ ትክ ብሎ አየኝ። «ጠጡ ነው የሚለው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔማ ለምን እንዲህ አላችሁ ብዬ ነበር። የእናንተ ነገር ነው ብዬ ተውኩት።»

መለስኩት። ዓይኔን ጨፍኜ፣ የጻፍኩትን ከአእምሮዬ ለማውጣት እየታገልኩ ሰማሁ። «ውሃ ሳታፈሉ…» ከዚያ ቅጭ የምትል ነገር አለች፣ ከዚያ «…ጠጡ!»

ቴፑን አቁሜ ስለቅቀው ሞተሩ ፍጥነቱን እስኪይዝ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ግን ሳልጠብቅ ተናግሬያለሁ። «አት» የምትለዋ ገና ባልተነሳ ቴፕ ላይ ቀርታለች። ያችኑ የተቆረጠች ዓረፍተ ነገር ነው ወድጄ አራት ጊዜ ያባዛኋት። አማርኛ አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ምናልባት የጎደለውን በልቡ ሞልቶ ይሰማት ነበር፤ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ግን የተባለውን ነው የሰማው። ስህተቱን ያርም የነበረው የሲስተር ዘነበች ካፊኖኖ ደግሞ ዝናብ ውስጥ ተቀብሯል። የመኪናው በር ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ። የገበያውን ሰው አየሁት፤ ሕፃን ያዘሉ አሉ፣ ሽማግሌዎች አሉ። የሰሙት እኔን ነው። በጠራ፣ ባልተጠራጠረ ድምፅ ጠጡ ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ማይኩን አንስቼ መጮህ ጀመርኩ። «ተሳስተናል! አፍሉ! አፍልታችሁ ጠጡ!» ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ። ሰዎች መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ እርስ በርስ መተያየት ያዙ። እትዬ አስካለ የቆጮዋን ቅርጫት ትታ መኪናው ድረስ መጣች። «ታዲያ የቱን እንመን?» አለችኝ።

ቦንጋ እንደደረስኩ መጀመሪያ የሄድኩት ጋሽ ምትኩ ሱቅ ነው። የአንድ ሬዲዮ ሆድ ዕቃ ከፍተው ይበይዱ ነበር። «ጋሽ ምትኩ፣ ካሴቱ…» አልኩ። ሳልጨርስ መበየጃቸውን ነቀሉ፣ የሱቁን በር ዘጉ፣ መኪናው ውስጥ ገቡ። ምን ሆነ አላሉኝም። የቱ ቃል እንደተበላሸ እንኳ አልጠየቁኝም። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ሲስተር ዘነበች ወደ ደካ፣ እኛ ወደ ዋጫ ሄደን ካሴቶቹን ሰበሰብን። ዋጫ ላይ ጋሽ ምትኩ ማይኩን ተቀብለውኝ በካፊኖኖ ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል እየለዩ ተናገሩ። ከዚያ መኪናው አጠገብ የቆሙትን አንድ በአንድ «አሁን ምን አልኩ?» እያሉ አስደገሙ። ትክክለኛውን እስኪመልሱላቸው ከቦታው አልነቃነቅም አሉ። በዚያ ሰሞን ከሺሺንዳ ወጣ ባለ መንደር አንድ አዛውንት በተቅማጥ ሞቱ። ካሴቱን ይስሙት አይስሙት የሚያውቅ ሰው አጣሁ። ሰውየው ከሞቱ እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ እንደጠየቅኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ማክሰኞ ዕለት እትዬ አስካለን በቃሬዛ እስከ መንገድ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ቦንጋ ሐኪም ቤት አመጧት። ሲስተር ዘነበች ነገረችኝ። እስከ በሩ ሄጄ መግባት አቃተኝና ተመለስኩ። ረቡዕ እንደገና ሄድኩ። በመስኮት ስመለከት ጋሽ ምትኩ አልጋዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከማክሰኞ ጀምሮ እዚያው እንደዋሉ አስታማሚዎቹ ነገሩኝ። ዘመዳቸው አይደለችም፤ ከዚያ በፊት አያውቋትም። ደግ ሰው ናቸው ብዬ አሰብኩ። ሲያዩኝ ወደ ውጭ ወጡ።

«ግባና ንገራት» አሉኝ።

«ምን ብዬ?»

«ድምፁ የማን እንደነበረ።»

ገባሁ። ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ገበያ ላይ ኮስተር ብላ የተከራከረችኝ ሴት ናት ብሎ ማመን ያስቸግራል። ሁሉንም ነገርኳት፤ በሩን የከፈተውን ሰውዬ፣ የተቆረጠችውን ቃል፣ አራት ጊዜ ማባዛቴን።

«ድምፁ ያንተ ነበር?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ጥሩ ድምፅ ነው ያለህ» አለች። «ለዚያ ነው ያመንኩት።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልመልስላት አፌን ስከፍት ከኋላዬ ጋሽ ምትኩ ተናገሩ።

«አስካለ፣ የበደለሽ እሱ ብቻ አይደለም።» ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠውታል። «እኔ ሰምቼዋለሁ። ካሴቱ ሳይወጣ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ቢሮው በር ላይ ቆሜ። ሳታፈሉ ጠጡ ሲል በዚህ ጆሮዬ ሰማሁ። ልመለስ አልኩ። ከዚያ ራሳቸው ያግኙት ብዬ ወጣሁ። ተሰድቤ ነበር፤ ተናድጄ ነበር። አንድ ሰው ያገኘዋል፣ ያኔ ለምነው ይጠሩኛል ብዬ ሱቄ ተቀምጬ ጠበቅኩ።»

የምሰማውን ማመን አቃተኝ። የአልጋውን ብረት ያዝኩ። «ዘጠኝ ቀን!» አልኩ። «ዘጠኝ ቀን ያውቁ ነበር?»

«ዘጠኝ ቀን» አሉ። «ሰኞ ልነግርህ ቢሮህ ድረስ መጥቼ ነበር። ገበያው አልፏል፣ አሁን ብናገር ለምን ቀድመህ አልተናገርክም ይሉኛል ብዬ ከበሩ ተመለስኩ። መጀመሪያ ቁጣ ነበር ያስቀረኝ። በኋላ እፍረት ነው።»

በዚያች ደቂቃ ልመታቸው እጄን አንስቼ እንደነበር በር ላይ ቆማ የነበረችው ሲስተር ዘነበች በኋላ ነግራኛለች፤ እኔ አላስታውስም። የማስታውሰው ጋሽ ምትኩ በርጩማው ላይ ቁጭ ብለው፣ ያን ትልቅ ራሳቸውን አልጋው ጠርዝ ላይ ደፍተው ሲያለቅሱ ነው። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ፤ ለማን እንደማለቅስ አላውቅም። እትዬ አስካለ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየችና ግሉኮስ ያልተሰካበትን እጇን አንስታ ጋሽ ምትኩ ትከሻ ላይ አሳረፈችው።

«እዚህ የታመመው ማነው?» አለች። «በቃ። አታልቅሱ። ሂዱና አስተካክሉት፣ ሁለታችሁም አብራችሁ። ከመውጣቱ በፊት ግን መጀመሪያ እኔ ልስማው።»

በሳምንቱ፣ እሷ ድና ከሐኪም ቤት ስትወጣ፣ አዲሱን ካሴት ቀዳን። ጋሽ ምትኩ ጸጥ ያለ ቦታ ሲሉ ይወስዱናል ብዬ ያልገመትኩት ቦታ ወሰዱን፤ የአንድ ነጋዴ ቡና መጋዘን። ቡና የሞላ ጆንያ በአራቱም ማዕዘን እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። መሃሉ ላይ ስንቆም የራሴ ሳል እንኳ ከአፌ ወጥታ ጆንያው ውስጥ ሰጠመች። ገና ሲነጋ፣ ዝናቡ ሳይጀምር ነው የገባነው። እኔ አላናግራቸውም ነበር። እሳቸውም ከሥራው ውጭ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

«ማይኩ ከአፍህ አንድ ስንዝር ይራቅ። ፊት ለፊት አትናገርበት፤ ፈ ስትል ትንፋሽህ ይመታዋል። በጎኑ። ቴፑ ሲነሳ ልብህ ውስጥ እስከ ሦስት ቁጠር፣ ከዚያ ጀምር።»

ወረቀቴን ዘረጋሁ። «ውሃ ሳታፈሉ አት…»

«ቁም» አሉ። የጆሮ ማዳመጫቸውን አወለቁ። «ይህችን ዓረፍተ ነገር ጣላት። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ በል። ነፋስ ይወስዳል፣ መኪና ያልፋል፣ ቴፕ ይቆርጣል። ቃል መጉደሉ አይቀርም። ሲጎድል የሚተርፈው ቃል ሰው የሚገድል እንዳይሆን አድርገህ ጻፍ።»

ኮሌጅ ውስጥ ስለ ጤና ትምህርት ብዙ ተምሬያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም። ካሴት ማለት ቴፕና ጥሩ ድምፅ ያለው ሰው ይመስለኝ ነበር። ከጽሑፉ ላይ ሆኖ የሚሰማ ሳይሆን ከገበያው መሃል ሆኖ የሚሰማ ሌላ ሰው እንደሚያስፈልገን ያን ቀን ገባኝ። ገብቶኝም አኩርፌ ነበር።

የሲስተር ዘነበችን ንባብ ሦስት ጊዜ አስደገሟት። ሲያልቅ እትዬ አስካለን ጀርባዋን ለቴፑ ሰጥታ ጆንያ ላይ አስቀመጧትና ከፈቱት። «ምን አለ?» እያሉ በየመሃሉ ጠየቋት። የካፊኖኖውን አንድም ሳትስት መለሰችላቸው። ከእኔ ንባብ አንዲት ቃል ከበዳትና «ይህን አልሰማሁም» አለች። እኔ በግልጽ ይሰማኝ ነበር። ተከራክሬ ላስረዳት ስል ጋሽ ምትኩ አዩኝ። ማይኩ አጠገብ ተመለስኩና እንደገና አነበብኩ።

ይቅር እስክላቸው ክረምቱ ወጣ። መቼ እንዳልኳቸው በትክክል አላውቅም፤ ቃል አልተለዋወጥንም። አንድ ቀን ሱቃቸው በር ላይ ቆመን ሳወራቸው የጅማ አውቶቡስ አለፈ፤ ጣታቸውን ሳያነሱ እኔ ዝም አልኩ። ፈገግ አሉ። ከዚያ በኋላ ፕሮጀክቱ እስኪዘጋ ድረስ እሳቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልሰሙት ካሴት ከቢሯችን አልወጣም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ደካ ውስጥ ትልቅ የገበሬዎች ስብሰባ ነበር። እኔ ተጋብዤ ሄድኩ፤ ጋሽ ምትኩ ዝም ብለው ሊያዩ አብረውኝ መጡ። ድምፅ ማጉያውን የተከሉት ሌሎች ናቸው። ከላይ የመጡ አንድ ባለሥልጣን ስለ ቡና ጥራት ይናገራሉ። ማይኩ ገመዱ ላልቶ ድምፁን አንዴ ይሰጣል፣ አንዴ ይነሳል። «ቡናችሁን ሳይደርቅ…» አሉ፣ ማይኩ ጭጭ አለ፣ «…ሽጡ!» ገበሬው ተንጫጫ። ከኋላ የነበሩት አጨበጨቡ። ባለሥልጣኑ ጭብጨባውን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው ቀጠሉ።

ከጎኔ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ዞር ስል ጋሽ ምትኩ የሉም። በሕዝቡ መሃል፣ በፖሊሶቹ ፊት አልፈው፣ ማጉያው አጠገብ ደርሰው ሶኬቱን ነቀሉት። ያን ሁሉ ሕዝብ ጸጥታ ዋጠው። በዚያ ዘመን የባለሥልጣን ንግግር መሃል ሶኬት የሚነቅል ሰው አልነበረም።

«ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ» አሉ፣ በባዶ ድምፃቸው፣ እያንዳንዷን ቃል ለይተው። «እርስዎ አትሽጡ ብለዋል። ለገበሬው የደረሰው ሽጡ የሚል ነው። ገመዱን ላጥብቀውና ይድገሙልን።»

ይህን እንዳሉ ሁለት ፖሊሶች በብብታቸው ያዟቸው። መድረኩ ላይ የነበረ አንድ የግብርና ባለሙያ ግን ሕዝቡን «ሽጡ ብሎ የሰማ እጁን ያውጣ» አለ። የወጣውን እጅ ብዛት ሳይ ደነገጥኩ። ባለሥልጣኑም አዩ። ገመዱ ጠብቆ ንግግሩ ተደገመ። ጋሽ ምትኩን ግን የለቀቃቸው አልነበረም፤ ሁለት ቀን ጣቢያ ቆዩ።

በሁለተኛው ቀን ምሳ ይዤላቸው ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ግንድ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ያኔ ስድሳ አልፏቸዋል።

«አልፈሩም?» አልኳቸው።

«ፈርቼ ነበር እንጂ!» እንጀራውን ቆረሱና አፋቸው ጋ ሳያደርሱት ያዙት። «ግን እኔ ሰምቼ የወጣሁበት ቀን አለ። አንተ ታውቀዋለህ። ሁለተኛ አልችለውም።»

የተሳፈርኩበት መኪና ቦንጋ ሲገባ ቀብሩ አልቆ ነበር። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ልጃቸውን አቀፍኳት። ሲስተር ዘነበች ጡረታ ወጥታ ፀጉሯ ሸብቷል፤ አልቅሳ ዓይኗ አብጧል። እኔ ግን እንባ አልመጣልኝም። ከፀጉር ቤቱ ጀምሮ እንደደነገጥኩ ነኝ፤ የሰማሁት ነገር ገና ወደ ውስጥ አልገባም። ስለ እሳቸው ሰዎች ሲያወሩ እሰማለሁ። ሬዲዮዬን ጠግነውልኛል ይላል አንዱ፤ የልጄን ሠርግ ቀድተውልኛል ይላል ሌላው። እኔም የምናገር መሰለኝና አፌን ከፈትኩ፤ የቱን እንደምናገር ጠፋኝ። ስለ ጥፋታቸው ሳልናገር ስለ ደግነታቸው መናገር ውሸት ሆነብኝ። ጥፋታቸውን ደግሞ በዚያ ድንኳን ከእኔና ከሁለት ሴቶች በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

አንዲት አሮጊት በከዘራ ተደግፋ ወደ ድንኳኑ ገባች። ዓይኗን አጥብባ ተቀማጩን አንድ በአንድ አየች። እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። እትዬ አስካለ ናት፤ ከሺሺንዳ በመኪና መጥታ። አጠገቤ ያለው ሰው ቦታ ለቀቀላትና ተቀመጠች። እጄን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ያኔ ሐኪም ቤት ሁለት ሆናችሁ ነበር ያለቀሳችሁት» አለችኝ። «በቃ ብዬ ያስቆምኳችሁ እኔ ነኝ። ዛሬ ብቻህን ነህ፤ አላስቆምህም። አልቅስ።»